ለቢራራ ክፈቱለት

ይህን ያወረሰችኝ እትዬ ዘርትሁን ናት፤ የባለቤቴ አክስት፣ ነፍሷን ይማረውና። ከቢራራ ቤት የሚለያት አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር። በአጥሩ መሃል ዶሮ የምታሾልክ ቀዳዳ ነበረች። እትዬ ዘርትሁን በዚያች ቀዳዳ ያላየችው ነገር የለም። እኔም ከአፏ እንደሰማሁት አቀብላችኋለሁ። ሥራ ያለው ሰው እጁ ይሥራ፤ ጆሮውን ግን ለእኔ ይስጠኝ።

ዱሮ ነው። ቤንዚን በኩፖን፣ ስኳር በወረፋ የነበረበት ዘመን ነው። ግራር አፋፍ በሚባል አገር ቢራራ የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ ይስላል፣ ማጭድ ይሞርዳል፣ የተሰበረ መጥረቢያ ያድሳል። ሰው ማረሻውን ያመጣና ከደጃፉ ርቆ መሬት ላይ ይጥልለታል። ቢራራም ሠርቶ እዚያው መሬት ላይ ያስቀምጥለታል። ከእጅ ወደ እጅ የለም። ቀጥቃጭ ነዋ! ቡዳ ነው ይሉታል። ዓይኑ ያረፈበት ልጅ ይታመማል፣ ዓይኑ ያረፈበት ወተት ይበላሻል ይሉታል። በማረሻው ያርሳሉ፣ ያረሱትንም ይበላሉ። እሱን ግን ደጃፋቸውን አያስረግጡትም።

ልጅ አልነበረውም። የሻረግ የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ሳል ይዟት የከሳች፣ ሳቂታ ሴት። እናቱ የሞተች ጊዜ እድር ስለሌለው ቀባሪ አልወጣለትም። ቢራራ እናቱን በሰሌን ጠቀለላት። ከሰል በሚጭንባት አህያ ላይ ጫናት። ገደሉ ሥር ወዳለው የባለእጆች መቀበሪያ ይዟት ወረደ። የግራር አፋፍ ሰው በየደጃፉ ቆሞ አየ። አየና ገባ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቢራራ በልቡ አንድ ነገር ያዘ። የሻረግ በአህያ አትሄድም። የሻረግ በሰው ትከሻ ትሄዳለች። መሬት አልተመኘም፣ ከብት አልተመኘም። እድር ተመኘ።

ያን ዓመት በጋው ጠና። አገሩ የጉድጓድ ውሃ ነበረው። ውሃውን የሚስበው ፓምፕ የሚሠራው በአንዲት ትንሽ ጄኔሬተር ነበር። «ሞተሯ» ይሏታል። ሞተሯ ደግሞ ቤንዚን ትጠጣለች። ቤንዚን ጠፋ። መጀመሪያ ወረፋ ለያዘ ጠፋ፣ ቀጥሎ ዘመድ ላለው ጠፋ፣ በመጨረሻ ለሁሉም ጠፋ። ሴቱ እንስራውን አዝሎ ገደል መውረድ ጀመረ። አንዲት ነፍሰ ጡር ከነእንስራዋ ተንከባላ ፅንሷ ወረደ። ከብቱም በየሜዳው መውደቅ ጀመረ።

የእድሩ ዳኛ ግራዝማች እንግዳሸት ነበሩ። ቀበሌውም ቢሆን ያለ እሳቸው ቃል አያስነጥስም። አንድ እሑድ ሽማግሌዎቹን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ ቢራራ መጣና ራቅ ብሎ ቆመ። ነጠላውን አደግድጎ ቆመ።

«ምን ፈለግህ፣ አንተ?» አሉት ግራዝማች።

«ሞተሯን አስነሳታለሁ፣ ጌታዬ። ያለ ቤንዚን።»

«በምን? በትንፋሽህ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቢራራ አልሳቀም።

«በእንጨትና በከሰል» አለ። «ልጅ ሆኜ በአንድ ጣሊያን እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ወናፍ እነፋ ነበር። ቤንዚን ሲያጣ መኪናውን በከሰል ጭስ ሲነዳ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ዓይንህንስ ተወው!» አለ አንዱ፤ እንደገና ተሳቀ።

«ዋጋህ ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ዋጋ አልፈልግም። እድር አስገቡኝ።»

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ግራዝማች ጭራቸውን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አደረጉና «ውሃው ይምጣና እናያለን» አሉት።

ቢራራ ሥራ ገባ። መንገድ ሠሪዎች የጣሉት የሬንጅ በርሜል ነበር፤ እሱን አመጣ። ውስጡን በጭቃና በአመድ መረገው። ከታች አየር መሳቢያ ሸነቆረለት። የሻረግ እያሳለች የግራር እንጨት በጡጫ ልክ ቆራርጣ ከከሰሉ ጋር ሞላችው። ክዳኑን በጭቃ አሸገው። ከበርሜሉ ቧንቧ አወጣ፤ ቧንቧውን ርጥብ ጭድ በጠቀጠቀበት ቆርቆሮ ውስጥ አሳለፈው፤ ጭዱ አመዱንና ጥላሸቱን ያስቀርለታል። ከዚያ ወዲያ ወደ ሞተሯ ጉሮሮ ነው።

አገሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። ርቆ ቆሞ ነው የሚያይ። ቢራራ ወናፉን ነፋ። መጀመሪያ ነጭ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ወጣ። ነፋ። ጭሱ ሳሳ። ነፋ። ጭሱ ከዓይን ጠፋ። ያን ጊዜ ከቧንቧው አፍ ላይ ክብሪት ጫረ። አየሩ ራሱ ተቀጣጠለ፤ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ።

«እግዚኦ! የሌለ ነገር ያነዳል!» ብለው ሴቶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ነበልባሉን አጠፋና ቧንቧውን ከሞተሯ ጋር አጋጠመው። ገመዷን ሳበ። ሞተሯ እንደ የሻረግ አሳለች። እንደገና ሳበ። እንደገና አሳለች። ከዚያ ያዘች። ውሃው በቧንቧው ግልብጥ ብሎ መጣ።

ሰው ሁሉ እልል አለ። ግን ማን ቀድሞ ይጠጣ? አንዷ ሌላዋን ትገፋለች። በመጨረሻ ቄሱ ጠበል ረጩበትና ተጠጣ። ከተጠጣ ወዲያ ደግሞ ወረፋው ሌላ ነው፤ እንስራ ለእንስራ ይጋጫል። የሻረግ ከሁሉ በኋላ ቀረበች። ቧንቧውን እንዳትነካ አንዷ ከላይ ሆና ቀዳችላት።

«እድሩስ፣ ጌታዬ?» አለ ቢራራ።

«እናያለን» አሉት ግራዝማች። «የልጄ ሠርግ ይለፍና።»

ውሃው መጣ። እድሩ አልመጣም።

የግራዝማች ልጅ አትጠገብ፣ ሞላ ለሚባል ጎረምሳ ተዳረች። ግራዝማች የሠርጉ ዳስ መብራት ይብራበት፣ ድምፅ ማጉያም ይዘፈንበት አሉ። ሞተሯ ከጉድጓዱ ተነቅላ፣ በርሜሉም በወሳንሳ ተጭኖ መጣ። ነገር ግን ቀጥቃጭ በሠርገኛው ዓይን ሥር እንዳይታይ ተባለ። ስለዚህ ቢራራ ከነበርሜሉ ሙሽሪት ከተቀመጠችበት ጓዳ ጀርባ ተደረገ። ዙሪያውን በአቡጀዴ መጋረጃ ጋረዱት። ከላይም ሸራ ደፉበት።

«ይህ ነገር ነፋስ ይፈልጋል» አለ ቢራራ። ማን ሰማው?

ምሳውን በኮባ ቅጠል አድርገው መሬት ላይ አኖሩለት። ጠላውን በገል ሰጡት። ጠጥቶ ሲጨርስ ገሉን ሰበሩት። እትዬ ዘርትሁን ያን ቀን ጠላ ቀጂ ነበረች፤ ገሉን እንድትሰብር የታዘዘችውም እሷው ናት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አምፖሎቹ በሩ። ሰው አፉን ከፈተ። ሙሽራው ጨፈረ፣ ግራዝማች ጨፈሩ፣ ቄሱም ትከሻቸውን ሰበቁ። ከጓዳ ግን ጩኸት ተሰማ። አትጠገብ «ራሴን፣ ራሴን» ብላ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሚዜዎቿም ግንባራቸውን ይዘዋል፤ እነሱን ያያቸው የለም።

«በላት! ቡዳው በላት!»

ቢራራ ከመጋረጃው ወጥቶ ሮጠ። «ጭሱ ነው! የማይታየው ጭስ ነው! ወደ ነፋስ አውጧት!» አለ። ያዙት። አንዷ አሮጊት በገል ፍም ይዛ፣ የቡዳ መድኃኒት በትናበት ልታጥናት መጣች። ጭስ የጣላትን ልጅ በጭስ ሊያስነሷት!

«አውጧት! ስለ እመቤታችን፣ አውጧት!» እያለ ቢራራ ለመነ።

«ዓይንህን ከእሷ ላይ አንሣና ትፋባት!» አሉ ግራዝማች። ጠብመንጃቸውን አንሥተዋል። «የበላ እንደሚተፋ አጥተኸው ነው?»

ቢራራ አሰበ። እትዬ ዘርትሁን ሲያስብ ፊቱን አየሁት አለችኝ። «እተፋለሁ፤ ግን ከደጅ፣ በነፋስ ላይ ካልሆነ አይሠራም» አለ። ይህን ሲል ሰሙት። ልጅቱን አንከብክበው ወደ ሜዳው አወጧት። ቢራራ አጎንብሶ እንትፍ አለባት፣ እንትፍ አለባት። ሰው እያየው፣ ሚስቱም በአጥር በኩል እያየችው። ነፋሱ ከገደሉ በኩል መጣ። አትጠገብ ቆየት ብላ ዓይኗን ገለጠች።

«አያችሁ?» አለ ሰው። «የበላውን ተፋ። በራሱ አፍ አመነ።»

ቢራራ በማግሥቱ ሞተሯን ወደ ጉድጓዱ መልሶ ከግራዝማች ደጅ ርቆ ቆመ።

«እድሩስ፣ ጌታዬ?»

«ልጄን በልተህ ደግሞ እድር?» አሉት። ከዚያ ጉድጓዱ ትዝ አላቸው። ከሰው ሁሉ ማሰሮ ውስጥ ያለው ውሃ ትዝ አላቸው። ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉና «እናያለን» አሉት።

ክረምት ገባ። ውሃ በሽ በሽ ሆነ፣ ቢራራም አረፈ እንዳትሉ። የገደሉ ውሃ ደፍርሶ ተቅማጥ አመጣ። በየቤቱ ልጅ ተኛ። ንጹሕ የጉድጓዱ ብቻ ነው ተባለ። ሞተሯ ከጧት እስከ ማታ ትሥራ ተባለ። ዝናብ እንዳያጠፋበት ጎጆ ይቀለስለት ተባለና ተቀለሰለት። እድሜዋን በሙሉ ለቢራራ አንድ ግንድ አቀብላ የማታውቅ ግራር አፋፍ ጎጆ ቀለሰችለት! መስኮት የላትም። በሯ አንድ ናት፣ እሷም ከመዝጊያ ጋር። ለምን ቢሉ፣ ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ የቢራራ ዓይን እንስራቸው ላይ እንዳያርፍ።

ሁለት ሴቶች ወረፋ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ እትዬ ዘርትሁን ሰምታለች።

«አንቺ፣ እንስራሽን ሸፍኚ እንጂ!»

«በሩ ተዘግቷል እኮ፣ ምን ያየኛል?»

«እሱ በቀዳዳ ያያል። እዚያ ከጣራው ሣር ሥር ሸንቁሯል፣ አላየሽም?»

እውነት ነው፣ ሸንቁሯል። ቢራራ ነፋስ እንዲገባው ከግድግዳው አናት ሸነቆረ። ሴቶቹ ጭቃ በጭብጣቸው ይዘው ደፈኑት። ደግሞ ሸነቆረ። ደግሞ ደፈኑት። እሱ ይከፍታል፣ እነሱ ይደፍናሉ። በሩንም እንዲሁ። እሱ ይከፍታል፣ እነሱ ይዘጋሉ።

ቢራራ ከግራዝማች ደጅ ሄዶ ቆመ። ዝናቡ በራሱ ላይ እየወረደ ቆመ።

«ጌታዬ፣ በሩን ይክፈቱልኝ። ይህ ነገር ራስ ይዞ ነው የሚጥል። ያን ጊዜ ልጅዎን የጣላት እሱ ነው።»

«እሷን የጣላት አንተ ነህ። ተፍተህ አይደል ያዳንካት?»

ቢራራ ምን ይበል? ተፍቷል።

«ስማኝ» አሉ ግራዝማች። «ፍልሰታ ሲፈታ እድሩ ይሰበሰባል። ስምህን እኔው ራሴ አነሣለሁ። እስከዚያ ሰዉን አታስደንግጥብኝ፤ በርህን ዘግተህ ሥራ።»

እናያለን አላሉትም። ይህን ቃል ይዞ እየሮጠ ቤቱ ገባ። የሻረግ አልጋ ይዛ ነበር።

«ፍልሰታ ሲፈታ አሉኝ፣ የሻረግ! ስምህን አነሣለሁ አሉኝ!»

«አሉህ እንጂ መቼ አደረጉልህ» አለችው። «ተው ይቅርብህ። እኔ እንደሁ ከሞትኩ በምን እንደሄድኩ አላይም።»

«እኔ አያለሁ» አላት።

እትዬ ዘርትሁን ይህንን በቀዳዳዋ ሰምታ እንጀራ አልበላ አለኝ ብላኛለች።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዝናቡ ከጧት ጀምሮ ይጥላል። ቢራራ ጎጆው ገባ፤ በሩ ተዘጋ። ቀዳዳው ተደፈነ። ውሃው መጣ። የአገሩ እንስራ ሁሉ ሞላ፤ የግራዝማች ጋን ሳይቀር ሞላ። ከቀትር በኋላ የሞተሯ ድምፅ ደከመ። በርሜሉን የሚመግብላት አጥታ ደከመች። ተንተባተበችና ቆመች።

«ቢራራ! ቆመችብን እኮ!»

መልስ የለም።

«ተኝቷል መሰል! አንተ ቢራራ!»

በሩን የሚከፍት የለም። የአትጠገብን ባል ሞላን ክፈት አሉት፤ እኔ አልከፍትም፣ ሚስቴን የበላ ሰው ነው አለ። እንስራቸውን ይዘው ዝናብ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የሞተሯን ዝምታ ከቤቷ ሆና የሰማች የሻረግ ናት። ከአልጋዋ ወረደች። በጭቃው ላይ በእጇም በእግሯም መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። በሩን ከፈተችው።

ቢራራ ወናፉን እንደታቀፈ ወድቋል። ፊቱ ቀልቷል፤ ሙሽራ መስሏል።

«አያችሁ፣ ደም ጠጥቶ ነው የሞተው» አለች አንዷ።

የሻረግ ዞር ብላ ግራዝማችን አየቻቸው። ስትናገርም አልጮኸችም።

«እድሩስ፣ ጌታዬ?» አለች።

ግራዝማች ጭራቸውን አወዛወዙ። «ለሞተ ሰው እድር መግባት በደንባችን የለም» አሉ።

የሻረግ ባሏን በሰሌን ጠቀለለችው። ከአህያዋ ላይ ጫነችው። አህያዋን እየሳበች፣ እያረፈች፣ እያሳለች ሄደች። የግራር አፋፍ ሰው በየደጃፉ ቆሞ አየ። አየና ገባ። እትዬ ዘርትሁን የሻረግ ከመንደሩ ዓይን እስክትሰወር ጠብቃ በጓሮ በኩል ዞረች፤ ቁልቁለቱ ላይ ደርሳ የአህያዋን ገመድ ተቀበለቻት። መቃብሩን ሁለቱ ሴቶች በቢራራ ዶማ ቆፈሩት። ዶማው ስለት ነበረው አለችኝ፤ ራሱ የሳለው ነዋ።

ከዚያስ? ከዚያማ ውሃ ያስፈልጋላ! ተቅማጡ አልቆመም። ሞላ «ሲሠራ አይቼዋለሁ፣ እኔ አስነሳታለሁ» አለ። ጎጆዋ ውስጥ ገባ። በሩን ዘጋው። ለምን ዘጋው ቢሉ፣ የቢራራ ዓይን ከውስጥ ቀርቶ እንደሁ ወጥቶ ሰው እንዳይበላ። ሞተሯም ተነሣች። ሰውም እልል አለ። ጥቂት ቆይታ ደከመች። ተንተባተበችና ቆመች።

ለሞላ ግን በሩን ለመክፈት ሁሉም ተሽቀዳደመ። አልደረሱለትም። ፊቱ ቀልቷል።

ሞላ በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ወጣ። እድሩ አንድም ሳይቀር ወጣ። ቀብሩ ላይ ሙሾ አውራጇ «ማን በላው፣ ማን በላው» እያለች ስታወርድ አትጠገብ ተነሣች። ደረቷን መምታት ተወች።

«አዎን፣ ማን በላው?» አለች። «ቡዳችሁ ሞቷል። በአህያ ሲሄድ አይታችሁታል። ታዲያ ባሌን ማን በላው?»

  አትጠገብ ከቀብሩ ቤቷ ሳትመለስ ወደ ሞተሯ ጎጆ ሄደች። መዝጊያውን ነቅላ ገደል ሰደደችው። ቤቷ ስትገባም ለልቅሶ ለተቀመጠው ሰው ማንደጃ ላይ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ብርድ ነው ተብሎ በሩ ተዘግቶ አገኘች።

«ክፈቱት!» አለች። «ለቢራራ ክፈቱለት!»

ከፈቱለት። ብርዱ ገባ፤ ማንም ዝጉት አላለም።

ከዚያን ቀን ወዲህ በግራር አፋፍ፣ በእኛም ዘንድ፣ ከሰል ቤት ውስጥ የሚያነድ ሰው ክብሪቱን ከመጫሩ በፊት በሩን ይከፍታል። ቢዘነጋ ከቤቱ አንዱ «ለቢራራ ክፈቱለት» ይለዋል። ልጆቹ ቢራራ ብርድ ሲመታው ሊሞቅ የሚመጣ ይመስላቸዋል። መጥቶ ቢሆን ኖሮስ? በቁሙ ደጃፍ ያላስረገጡት ሰው፣ ይኸው ከሞተ ወዲህ በሩ ሁሉ የሚከፈትለት እሱ ነው።

ሞተሯን ቀበሌው ወሰዳት፤ ወዴት እንደደረሰች አይታወቅም። በርሜሉ ከጉድጓዱ አጠገብ ዝጎ ቀረ፤ ዶሮ ይጥልበታል። ግራዝማች እንግዳሸት አርጅተው በአልጋቸው ሞቱ፤ እድሩ ተሸከማቸው። አትጠገብ ሌላ ባል አላገባችም። የሻረግ በመስከረም አረፈች፤ በዚያችው አህያ ሄደች፤ ገመዱን የያዘችው እትዬ ዘርትሁን ናት። እትዬ ዘርትሁን አምና አረፈች፤ በሰው ትከሻ ሄደች። በእድሩ ድንኳን ውስጥ ማንደጃ ሲቀጣጠል የድንኳኑን አፍ ገለጡት።

ቢራራ እስከ ዛሬ እድር አልገባም።